ጠጠሩና እኛ

ጋዜጠኝነት ተምሮ የተመረቀ ሰው አንድ ቀን ትልቅ ነገር እዘግባለሁ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ምርጫ፣ ጦርነት፣ የሙስና ቅሌት፣ ሌላው ቢቀር የዋንጫ ጨዋታ። እኛ ግን ከተመረቅን ወዲህ ሌሊት ተቀምጠን፣ ሰው አነጋግረን፣ ሰነድ አገላብጠን የጻፍነው ትልቁ ጽሑፋችን ስለ ጠጠር ነው። አዎ፣ ጠጠር! ጫማ ውስጥ ገብቶ ቅዳሴ የሚያስረሳው ጠጠር። ታላላቆቻችን ዲግሪያቸውን ይዘው ኮብልስቶን ጥረቡ ሲባሉ ልጆች ነበርንና ስቀን ነበር። ይኸው ድንጋዩ ቂም ይዞ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣብን።

(ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር፦ «እኛ» ስንል አንዳንዴ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ማለታችን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ይህን የምትጽፈው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ጥፋቱ የበዛበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ሁለተኛው ነው ብላችሁ ያዙልን።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ደብራችን ለዓመታት በኪራይ ስትንከራተት ኖራለች። የፈረንጆች አዳራሽ ውስጥ እነሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ እኛ እንገባለን፤ እጣን ሲጤስ የጭስ መጠቆሚያው ይጮኻል፤ ከበሮ ሲመታ ጎረቤት ይደውላል። በመጨረሻ ምእመናን ከደመወዛቸው እየቆረጡ፣ ታክሲ ነጂውም ሞግዚቷም ነርሷም አዋጥተው ከከተማው ወጣ ያለ አሮጌ ሕንጻ ከነመሬቱ ተገዛ። የሕንጻው ጣሪያ ያፈስሳል። መሬቱ ግን ሰፊ ነው፤ ትልልቅ ዛፎች አሉት። ፊት ለፊቱ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ አለ፤ መኪና የምናቆመው እሱ ላይ ነው። እኛ ያየነው ሜዳ ነው። ካውንቲው ግን ያየው ደንብ የተላለፈ ሜዳ ነው።

አሜሪካ ውስጥ መሬት ገዛሁ ማለት እንዳሻኝ አደርግበታለሁ ማለት አይደለም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 ከተማዋን በሙሉ እዚህ ቤት፣ እዚያ ፋብሪካ፣ እዚህ እስከዚህ ፎቅ ብላ ከፋፈለች። በ1926 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩክሊድ የምትባል የኦሃዮ ከተማ ይህን የማድረግ ሥልጣን አላት ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ዞኒንግ የሚባለው ነገር በየመንደሩ ገባ። በዚያው ፍርድ ላይ አፓርታማ የሰዎችን ጸጥ ያለ ሰፈር ላይ የሚጣበቅ ጥገኛ ተባይ ዓይነት ተደርጎ ተገልጿል። እኛ የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ ይህን ስናነብ ትንሽ ተኮማተርን።

ለመኪና ማቆሚያ ይህን ያህል ቦታ አዘጋጅ የሚለው ግዴታም እንዲሁ በዚያው ዘመን የተጀመረ ነው። ኮለምበስ፣ ኦሃዮ በ1923 አፓርታማ በሚሠሩ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ ሌላው ከተማ ከሌላው እየቀዳ ሄደ። ዶናልድ ሹፕ የሚባሉ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ፣ እነዚያ ቁጥሮች አብዛኞቹ ከኩረጃ የመጡ እንጂ ጥናት የላቸውም ብለው ተከራከሩ። ሰውየው በ2025 ዐረፉ፤ ከዚያ በፊት ግን እንደ ቡፋሎ ያሉ ከተሞች (በ2017) ግዴታውን ሲሰርዙት ለማየት በቅተዋል። እኛ ጋ አልተሰረዘም። ለቤተ ክርስቲያን ቁጥሩ፦ ለአራት መቀመጫ አንድ መኪና።

አራት መቀመጫ!

የካውንቲዋ ባለሙያ ከቄሳችን ጋር ያደረገችውን ንግግር ያስተረጎምነው እኛ ነን፤ እድሜ ልካችንን አንረሳውም።

«ስንት መቀመጫ አላችሁ?»

«መቀመጫ የለንም።»

«ታዲያ ሰው የት ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም፤ ይቆማል።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ቄሱ አሰቡ። «እንደ በዓሉ ነው» አሉ።

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስለ መቋሚያ አስረዳናት። ጥግ ላይ ለአረጋውያን ብለን የደረደርናቸው ጥቂት ወንበሮች መኖራቸውን ስትሰማ ደስ አላት፤ የምትቆጥረው ነገር አገኘች። በመጨረሻ በወለሉ ስፋት ተሰልቶ ስድሳ መኪና ተባልን፤ ጸደቀ።

ችግሩ ከስድሳው በታች ያለው መሬት ነው። የመኪና ማቆሚያ ወለል «አቧራ አልባ» መሆን አለበት ይላል ደንቡ። አስፋልት ወይም ኮንክሪት። እስቲ ይህን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ላደገ ሰው ንገሩት! እኛ የተመረቅንበትን ጋውን ሳይቀር አቧራ ያነሳነው ከታክሲ ስንወርድ ነው። እንዳንለብስ የምንመከረው ነጭ ጫማ ነበር። አስፋልት ገባ ማለት ሰፈሩ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ኮብልስቶን እንኳ እንዲነጠፍ ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘብ አዋጥቷል። ታዲያ እኛ አሜሪካ መጥተን ካውንቲውን «እባካችሁ አስፋልት አይሁንብን» ብለን ልንለምን ነው።

ልመናው ስሙ ዌቨር ይባላል። ከዚህ ግዴታ ማሩኝ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያለችው መኖሪያ ሰፈር ውስጥ በመሆኑ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ዌቨሩም ከዚያው ጋር አብሮ የሚታይ ነው። የሚወስነው የዞኒንግ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ አባላቱ አምስት ወይም ሰባት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው፤ የሚሾማቸውም ፍርድ ቤት ነው። ዳኞች አይደሉም፤ ጎረቤቶች ናቸው።

ሰበካ ጉባኤው ግን መጀመሪያ ራሱ ከራሱ ጋር ተጣላ። አንድ ጋሼ ተነስተው «ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳሁት ቤተ ክርስቲያኔን ጠጠር ላይ ለማየት ነው ወይ?» አሉ። ገንዘብ ያዡ ተነስቶ አስፋልት እናነጥፍ ያለ ጣሪያውን በእጁ ይያዝ አለ። አስፋልት አንጣፊው የሰጠን ዋጋ ከጣሪያው ጥገና በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ክርክሩ እስከ ምሽት ቆየ፤ በመጨረሻ ጣሪያው አሸነፈ። «እነዚህ ልጆች የተማሩ ናቸው፣ እነሱ ይጻፉት» ተባለ። የተማሩ ሲባል ሁሉም ወደ እኛ ዞረ።

ሥራችንን ወደድነው፤ አንዋሽም። ማታ ማታ ከሥራ መልስ (የቀን ሥራችን ሱቅ ውስጥ ነው፤ ዲግሪያችንን የጠየቀ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመንም) የአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ሰነድ እንዘረጋለን። ስለ ዝናብ ውሃ አነበብን። አንድ ኤከር አስፋልት ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ቢወርድ ከ27 ሺህ ጋሎን በላይ ውሃ ይሆናል፤ መቶ ሺህ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ውሃ የመኪና ዘይትና ቆሻሻ እያጠበ ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ፖቶማክ፣ ከዚያም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ቨርጂኒያ ባሕረ ሰላጤውን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1988 ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች። እሰይ! ድህነታችን ተፈጥሮ ጥበቃ ሆነ። ገንዘብ የለንም ከማለት ለወንዙ አስበን ነው ማለት ምን ያህል እንደሚያኮራ የሞከረው ያውቀዋል።

እያነበብን ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን። መኪና ሲረግጠው የኖረ ጠጠር ይጠቀጠቃል፤ ውሃም እንደምንመኘው አያሰርግም። ስለዚህ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ጠጠርንም ውሃ ከማያሳልፍ ወለል ይቆጥሩታል። ይህን የጻፍነው የማስታወሻችን መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በትንሽ ፊደል ነው። የማይመች መረጃ የት እንደሚቀመጥ ትምህርት ቤት አላስተማሩንም፤ ግን ቻልንበት።

ጎረቤትም አነጋገርን። እውነቱን ለመናገር ስንሄድ ልባችን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥቁር ሕዝብ፣ ነጭ ነጠላ፣ ሌሊት የሚቀደስ ቅዳሴ፣ እንግዲህ ምን እንደሚሉን እናውቃለን ብለን። አንድ ሁለቱ በሩን ሳይከፍቱ በመስኮት አይተውን ቀሩ። ከቁልቁለቱ በታች የሚኖሩት ሽማግሌ ግን ቡና አፈሉልን። ቤዝመንታቸው ዝናብ ሲጥል ውሃ ይገባዋል፤ «አስፋልት ካደረጋችሁት እኔ በጀልባ ነው የምኖረው» አሉን። የእኛ ምስክር! ስማቸውን በትልቁ ጻፍን። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ወጣት እናት ደግሞ በሩን የከፈተችው አስም ያለበት ልጇን አቅፋ ነው። እሁድ ስድሳ መኪና ሲወጣ መስኮት እንደማትከፍት ነገረችን። በትሕትና ሰማናት። በማስታወሻችን ላይ «ቅሬታ አቅራቢ» ብለን አለፍናት።

በአጠቃላይ አሥራ አራት ሰው አነጋግረናል። ለአንድ ጠጠር አሥራ አራት ምንጭ! መምህራኖቻችን ቢያዩን ያለቅሱ ነበር።

የስብሰባው ቀን ማክሰኞ ማታ ነው። የካውንቲው አዳራሽ ውስጥ እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው ሦስት ረድፍ ሞልተዋል። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ማይኩ አጠገብ እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይበራል። ከእኛ በፊት የአጥር ቁመት ጉዳይ ነበር፤ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አንድ ጫማ እንጨት አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። እኛ ደግሞ ወረቀታችንን እንደ ዳዊት እንደግማለን። ሕግ የሚማር አንድ ወንድማችን ጆሯችን ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን፣ በመሬት አጠቃቀም ደንብ ሰበብ የእምነት ተቋማት እንዳይጨቆኑ የሚከላከለውን ፌዴራል ሕግ ጥቀሱ፣ ጥቀሱ ይላል። አልጠቀስንም። ልመና የመጣ ሰው ዱላውን ደጅ ጥሎ ይገባል አሉ ቄሱ።

ንግግራችን ጥሩ ነበር። ራሳችንን ስለምናመሰግን ይቅርታ፤ ግን ጥሩ ነበር። ወንዙን፣ ዛፎቹን፣ ከታች ያሉትን ሽማግሌ፣ የሚያፈስሰውን ጣሪያ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ጨረስነው። ቢጫው በራ፤ «እናመሰግናለን» አልን።

ከዚያ ከቦርዱ አባላት አንዲቱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሮጊት፣ ማይካቸውን ከፈቱ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። አረጋውያኖቻችሁ ከመኪናው እስከ በሩ እንዴት ነው የሚሄዱት?»

መልስ ነበረን። ወረቀታችን ላይ በቀይ የተሰመረበት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መተላለፊያው ጽኑ፣ የማይናድ፣ የማያንሸራትት ይሁን ሲል የእምነት ተቋማትን ግን ነጻ ያደርጋቸዋል። ይህን ስናገኝ በደስታ ጠረጴዛ መትተን ነበር። «ሕጉ አይመለከተንም» ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ዞር አልን። ለምን እንደዞርን እንጃ፤ ምናልባት ቄሱን ለማየት ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ እማማ ተቀምጠዋል። ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ቀኝ እጃቸውን ግራ እጃቸው ላይ ጭነው፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳይገባቸው ልክ ስብከት እንደሚሰማ ሰው ፈገግ ብለው ያዩናል።

«እንደግፋቸዋለን» አልን።

«ሁልጊዜ?»

ቀዩ በራ። ጥያቄ ላይ ስለሆንን ቀዩ አይቆጠርም፤ እኛ ግን የቆጠረልን መስሎን ተቀመጥን። ቀጥላ ያቺ ወጣት እናት ተነሳች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችንም። ደወሉን እንደምትወደው ተናገረች፤ አቧራው ግን ልጇን እንደሚያሳልበት አስረዳች። ቦርዱ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደረው፤ የተሻለ ንድፍ ይዛችሁ ኑ ተባልን።

ውጭ፣ የካውንቲው አስፋልት ላይ (እንዴት የተለሰለሰ አስፋልት መሰላችሁ) እማማን ደግፈን ወደ ልጃቸው መኪና እየወሰድን የተባለውን ተረጎምንላቸው።

«ምን አለች ያቺ መነጽር ያላት?»

«ሽማግሌዎቻችሁ ጠጠሩ ላይ እንዴት ይሄዳሉ ነው ያሉት እማማ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «እኔማ በጥምቀት ማግስት ወድቄ ነበር» አሉ።

ቆምን። «የት?»

«እዚያው ነዋ። በረዶው ጠጠሩን ሸፍኖት።» ግራ እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ አውጥተው አሳዩን፤ አንጓው ላይ ትንሽ ጠመም ብሏል። «ደህና ነው አሁን።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማን እነግራለሁ? ቤተ ክርስቲያን ላይ ሰው ወደቀ ተብሎ ይወራ? እዚህ አገር ደግሞ በዚህ ይካሰሳሉ አሉ። ለልጄ ቤት ውስጥ ነው የወደቅሁት አልኳት።» ከዚያም እንደ መከልከል አድርገው፣ «አንቺም እንዳትጽፊው» አሉን።

(ጻፍነው። ቆይተን አስፈቅደናቸው ነው፤ ስሜን ካልጠራሽ ብለዋል።)

አሥራ አራት ሰው ያነጋገርንባቸው ሌሊቶች ሁሉ እማማ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ሻይ የሚያቀርቡልን እሳቸው ናቸው። «ምን እየጻፋችሁ ነው ልጆቼ?» ይሉን ነበር፤ እኛም «የፓርኪንግ ነገር ነው እማማ፣ አይጨነቁ» እንላቸው ነበር። ብርጭቆውን የሚያስቀምጡት በቀኝ እጃቸው፣ አንድ በአንድ ነው። ሰሃን ላይ ደርድረው ለምን እንደማያመጡት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጥግ ላይ ያሉትን ወንበሮች ዞረን አዳረስናቸው። ማስታወሻ ደብተር አልያዝንም። አንድ አባት ዝናብ የጣለ እለት እንደማይመጡ ነገሩን፤ እኛ ደግሞ ከልጃቸው ጋር ሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ይመስለን ነበር። ዎከር የሚጠቀሙ አንዲት እናት ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ስለሚሰጥም ዎከሩን መኪና ውስጥ ትተው በልጅ ልጃቸው ትከሻ እንደሚገቡ አጫወቱን። የልጅ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማንም አላማረረም። ማማረራቸውን ስንጠብቅ ይልቅ «ይህንንስ ቦታ ማን አየው፤ ተመስገን» ይሉን ነበር። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱት ጋሼ ያን ቀን ሲያልፉ ሰምተው «አላልኩም?» አሉ። እሳቸው ያሉት ስለ ክብር ነበር፤ እኛም ያን ጊዜ በልባችን የድሮ ሰው ብለናቸው ነበር።

በሁለተኛው ስብሰባ ብዙ የሚወራ ነገር የለም፤ ንድፉ ነው የተናገረው። በሩ አጠገብ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን አራት ቦታና እስከ ደጃፉ የሚደርስ መንገድ በኮንክሪት። ከመንገድ መግቢያው ላይ አስፋልት፣ መኪና ጠጠርና አቧራ ይዞ እንዳይወጣ። በደረቅ ወራት አቧራውን ውሃ እየረጨን ልናበርደው። ከታች ላሉት ሽማግሌ ውሃውን የሚቀለብስ ቦይ። የቀረው ጠጠር ሆኖ ይቆያል፤ ለአምስት ዓመት ብቻ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ኑ። መነጽር ያላቸው ሴትዮ ድምፃቸውን ሰጡን፤ አንድ አባል ግን ደንብ ደንብ ነው ብሎ ተቃወመ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው እናት ዓመቱን ሙሉ እናያችኋለን አለች፤ ልክ ናት።

ገንዘቡ ከጣሪያው ላይ ተወሰደ። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈስሳል። ከሴቶች በኩል በስተቀኝ ሁለት ባልዲ አለ፤ ዝናብ ባለ ጊዜ ከከበሮው ጋር አብሮ ይመታል። ገንዘብ ያዡ ባየን ቁጥር ወደ ላይ ያያል።

አሁን እሁድ እሁድ ቢጫ ሰደርያ ለብሰን አራቱን ቦታ የምንጠብቀው እኛ ነን። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ፓርኪንግ አስከባሪ! አዲስ አበባ ቢሆን ቢያንስ በሰዓት እናስከፍል ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወንድም ትልቅ መኪናውን ኮንክሪቱ ላይ ሊያቆም ሲገባ አስቆምነው። «አምስት ደቂቃ ነው እህቴ፣ ሻማ ብቻ አብርቼ ልወጣ» አለን። ወደ ጠጠሩ መለስነው፤ ደስ አላለውም።

ከኋላው የእማማ ልጅ መጣች። እማማ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ አቅጣጫ ተሳለሙ። ከዚያ ያን ሁሉ የተከራከርንበትን ኮንክሪት ትተው ከጎኑ ባለው ጠጠር ላይ፣ ዱላቸውን እየተከሉ መሄድ ጀመሩ።

ሮጠን ደረስንባቸው። «እማማ! መንገዱ እኮ ይኸው፣ ለእርስዎ ነው የተሠራው!»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «አዲስ ስለሆነ ያንሸራትት ይሆን ብዬ ነው።»

ክንዳችንን ሰጠናቸውና አብረን ወደ ኮንክሪቱ ወጣን።